የኔታ ካሣሁን በሕይወት አሉ ወይ

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
የካቲት 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ያለህበት አገር ቆላ ይሁን ደጋ አላውቅምና ብርዱ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው ብዬ መጠየቅ እንኳ ቸገረኝ። ብቻ ባለህበት ሁሉ የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ አይለይህ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው እንጂ ባቄላው ደህና ይዟል፤ ቀዬውም ሰላም ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ብቻህን ከሆንክ እዚህ ላይ አቁመው። ያገር ሰው ካለ ያገር ሰው፣ ከሌለም ጎረቤትህን ጠርተህ አጠገብህ አስቀምጥና ቀጥል። እንዲህ ያለ ነገር በኛ ዘንድ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ እንደሚነገር ታውቃለህ። እኔ ግን ሽማግሌውን ወዴት ልላከው? ደጅህን አላውቀው።

አባታችን ዐርፈዋል። አምና በጥቅምት ማለቂያ ነው፣ ሰብሉ ሳይታጨድ። ሕመሙ ብዙ አላንገላታቸውም፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ሰንብተው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንደ ተቀመጡ ሄዱ። በቀብራቸው ከስማዳም ከጋይንትም እሳቸው ያስተማሯቸው መምህራን መጥተው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ የመወድሱን ቅኔ ሲቀባበሉት ዋሉ። «ወንድ ልጅ የላቸውም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ነበር።

እንግዲህ አልቅስ፣ ወንድሜ። የቀረውን ሲወጣልህ ታነበዋለህ፤ የትም አይሄድም።

የሄድክበትን ቀን እኔም አልረሳሁት፣ አንተም አትረሳውም። ደቀ መዛሙርቱ ቅኔ ሲቆጥሩ አርፍደው ተመልሰው፣ አባታችን ከወይራው ሥር ተቀምጠው የያንዳንዱን ያርሙ ነበር። ወንበራቸውን አንተ እንደምትረከብ ለደብሩ ሰዎች የነገሩበት ሰሞን ነው። አንተም በተማሪው ሁሉ ፊት ቆመህ፣ «የኔታ፣ ቅኔውን እወዳለሁ፤ ወንበሩን ግን አልችለውም። አገር ልይ፣ ሌላም ትምህርት ልማር» አልካቸው። ለብቻቸው ብትነግራቸው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እሳቸውስ ቢሆኑ ያን ቀን ውጠውት ቢያድሩ ኖሮ። ሁለታችሁም አንድ ነበራችሁ፤ የጀመራችሁትን ቃል ካልጨረሳችሁ አትመለሱም። «ወንበሬን የናቀ ፊቴን አይይ። በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ» አሉ። ደበሎህን አውልቀህ፣ አጥፈህ ከእግራቸው ሥር አስቀመጥክና ወጣህ።

እስከ ወንዙ ተከተልኩህ። ተመለስና እግራቸው ላይ ውደቅ ብዬ ብለምንህ፣ «ገዝተውኛል እኮ። ግዘት ጥሼ የምመለስ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?» አልከኝ። ያኔ እልኸኛ መስለኸኝ ተናድጄብህ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ለሳቸው በመታዘዝ እንዳንተ የበረታ ተማሪ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ አንዱ መተማ አየሁት ይላል፣ ሌላው ገዳሪፍ በእርሻ ሥራ ላይ ነበር ይላል፣ ቀጥሎም ወሬህ ጠፋ። በቤታችን ስላንተ አይወራም። እናታችን በሕይወት ብትኖር ታስታርቃችሁ ነበር፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቃሌም አይሰማ። አባታችንን ዓይናቸውን ሞራ እየጋረዳቸው ሄደ። ደብረ ታቦር ወስደን እናሳክምዎ ብላቸው፣ «እስከ ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው እምቢ አሉ። ተማሪውም እየሳሳ መጣ። እኔ አሥረኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ ጽሕፈት ተምሬ፣ እዚህ መካነ ኢየሱስ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

ይስማውን ታስታውሰዋለህ? ያ ከአርብ ገበያ የመጣው፣ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ላይ እንኳ ሁልጊዜ ቤቱ የሚፈርስበት። እሱም አንተ በሄድክ ማግስት ማለት ይቻላል ቅኔውን ትቶ አስኳላ ገባ። አባታችን እሱን አልገዘቱትም። «ሂድ፣ ይቅናህ» ብለው ነው የሸኙት፤ እኔ በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ሳየው ባንተ ላይ ያደረጉት ነገር እንደገባቸው አወቅሁ። ይስማው ተምሮ የኮምፒውተር መምህር ሆኖ ወደዚሁ ተመደበ። አንድ ቀን ላፕቶፑን ይዞ መጣና፣ «የኔታ፣ ይኸ ሁሉ ቅኔ ከርስዎ ጋር አፈር እንዳይገባ ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው፤ ለቅኔ ቤታችን ድረ ገጽ ልክፈት» አላቸው። እኔ በቁጣ ይመልሱታል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው፣ «ካገር የራቀም ሰው ያገኘዋል?» አሉ። ይስማው፣ «ማንም፣ የትም ሆኖ» አላቸው። «እንግዲያውስ ጻፉ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው እሱ ሆነ። እሳቸው ይላሉ፣ እጁ የሚያምርለት ተማሪ በቀለም ይጽፋል፣ ይስማው ደግሞ ጽሑፉን ፎቶ እያነሳ ድረ ገጹ ላይ ይጭነዋል። ብታየው የድሮ ብራና ነው የሚመስለው፤ ሐረጉ ሁሉ ተስሎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ገና በሩን ሳልፍ፣ «ሰው መጣ ወይ?» ይሉኛል። ድረ ገጹን የጎበኘ አለ ወይ ማለታቸው ነው። «ገና ነው፣ የኔታ» እላቸዋለሁ። «አዋጅ ነጋሪ ሳይኖር ማን ይመጣል?» ብለው ይስቃሉ። በሚቀጥለውም ሳምንት ይጠይቃሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ማንም አይመጣም ነበር። አድራሻውን የምናውቅ እኔና ይስማው ብቻ ነበርን የምንከፍተው። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ጉግል ላይ ስማቸውን ጽፌ ብፈልግ የሌላ ሰው ነገር ነው የሚመጣልኝ። ዓለም ሰፊ ናት፣ ጉግል የኛ ገጽ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል ብዬ ተውኩት።

በዚያ ዓመት ካስጻፏቸው ቅኔዎች አንዱን ልንገርህ። ግእዙን ገጹ ላይ ታገኘዋለህ፤ ካንተ በላይ የሚፈታው የለም። ሰሙ የኖኅ ነገር ነው። ኖኅ ቁራውን ከመርከቡ ሰደደው፤ ሰው ሁሉ ቁራውን ከዳተኛ ይለዋል፣ ሳይመለስ ቀረ እያለ። ቅኔው ግን ቁራው በመርከቡ ዙሪያ ሲበር ነው የኖረው፣ መስኮቱን የዘጋበት ራሱ ኖኅ ነው ይላል። ጸሐፊውና ሌሎቹ ተማሪዎች ወርቁን ይንገሩን ብለው ሲለምኗቸው፣ ቅኔ ሲፈታ ደስ የሚላቸው ሰው፣ «ይኸኛውን ባለቤቱ ይፍታው» አሉ።

በመጨረሻው ሳምንት የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሚካኤል መጥተው ሳለ እኔንም አስጠሩኝ። ትራስ ደግፈናቸው ተቀመጡ። መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄን በቃሌ አስሬው ነበር። በቃሌ ፈትቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታው። በደሉ የኔ ነው፣ የሱ አይደለም» አሉ። ቄስ ገብረ ሚካኤል አሜን አሉ። እኔ ማልቀሴን ሰምተው፣ «ምን ያስለቅስሻል? አድርሺለት» አሉኝ። የት አገኘዋለሁ ብላቸው፣ «ያ ይስማው ማንም የትም ሆኖ ያገኘዋል ብሏል አይደለም?» አሉ።

ከአርባቸው በኋላ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄድኩ። አሠልጣኛችን ሩት የምትባል ልጅ ናት፤ ድረ ገጽ መሥራት ሙያዋ ነው። የየራሳችሁን አሳዩኝ ስትል የኛን ከፈትኩላት። ከላይ እስከ ታች አየችው። እንዲህ ያለ የሚያምር ገጽ አላየሁም አለችና ቀጥላ፣ «ግን ሰው እንዳያገኘው የዘጋችሁት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም። ድረ ገጹ የሚተዳደርበትን ሲስተም በይስማው የይለፍ ቃል ከፈትንና ማስተካከያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን አሳየችኝ። «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ» የሚል ተጽፎባታል፤ ጉግልንና መሰሎቹን ማለት ነው። ምልክት ተደርጎባታል። ድረ ገጹ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ማንም ፈላጊ በደጁ ባለፈ ቁጥር፣ አትግባ እያለ ሲመልስ የኖረው እሷ ናት።

የሣጥኗን ምልክት ለማጥፋት አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የሚበቃው። ተጫንኩት። ከዚያ ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ፤ ሩት ተከትላኝ መጥታ ውኃ አጠጣችኝ።

ስመለስ ለይስማው ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። «ሥራው ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ብዬ ነው ያደረግኋት። ከዚያ ረሳኋት» አለ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። እሱም የቅኔ ቤቱ ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «ሰው መጣ ወይ» ሲሉ እሱም ይሰማ ነበር።

ሣጥኗ ብቻ ብትሆንማ ቀላል ነበር። ሩት እንደነገረችኝ ፈላጊው ማሽን የሥዕልና የፎቶ ጽሑፍ አያነብም። ያ ሁሉ ቅኔ፣ ያ ሁሉ ሐረግ፣ ለሱ ባዶ ወረቀት ነው። የያንዳንዱ ገጽ ርእስም «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ አድራሻውም ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየተቀመጥኩ ቅኔውን ሁሉ በፊደል ጻፍኩት። ለየገጹ እንደ ቅኔው ዓይነት የራሱን ርእስ ሰጠሁት፤ መወድሱን መወድስ፣ ሥላሴውን ሥላሴ። አድራሻውን ከቁጥር ወደ ቃል ለወጥኩት። ከየፎቶው ሥር ምን እንደሆነ ጻፍኩበት። የማን ቅኔ እንደሆነ፣ የት አገር እንደሆነ፣ እስቴ የት እንደምትገኝ ሳይቀር በአጭሩ ጻፍኩ። ይስማው ግእዙን ያርምልኛል፤ ስህተት ሲያገኝ እንደ አባታችን ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ያረመው አንዱ ነገር ስማቸው ነው። መጀመሪያ ድረ ገጹን ሲከፍት ካሳሁን ብሎ በእሳቱ ሰ ነበር የጻፈው፤ በኮምፒውተር ቶሎ የሚገኘው እሱ ነውና። አባታችን ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ በቁጣቸው ድፍን እስቴን ይጠሩብን ነበር። ፊደል ገብቶ ያልተመታበት ሰው ለንጉሡ ሠ እና ለእሳቱ ሰ ግድ የለውም፤ ለማሽኑ ግን ካሳሁንና ካሣሁን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱን ብትጠራው ሌላው አይሰማም። እኔም እስከዚያ ጉግል ላይ ስፈልግ የኖርኩት በእሳቱ ሰ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ ገጹ ላይ አኖርኩና፣ በትክክል መሥራቱን ለማየት አባታችን በሚወዱት አጻጻፍ፣ በንጉሡ ሠ፣ የኔታ ካሣሁን ብዬ ፈለግሁ።

ገጻችን መጣ። ከሱ በላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። ውጭ ያሉ ያገራችን ሰዎች ዘመድ የሚያፈላልጉበት አንድ የቆየ የውይይት ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፤ «በእስቴ የቅኔ መምህር የሆኑት የኔታ ካሣሁን በሕይወት አሉ ወይ? ልጃቸው ጌጤስ ደህና ናት? ለመምጣት አልተፈቀደልኝም። መኖራቸውን ብቻ ባውቅ ይበቃኛል።» ከሥሩ ስም የለም። «ደቀ መዝሙር» ብቻ ይላል።

በሐምሌ 2004 ነው የተጻፈው። ወንድሜ፣ በሐምሌ 2004 እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ቅኔ ያስጽፉ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እውል ነበር። ድረ ገጹም ነበር፣ ስማቸውም፣ ፎቷቸውም፣ የይስማው ስልክ ቁጥር ሳይቀር። አንተ ትጠይቃለህ፣ እሳቸው ሰው መጣ ወይ ይላሉ፣ መሐል ላይ ማንም የለም። ከጥያቄህ ሥር አንድ ሰው ብቻ መልሶልሃል፤ «እኔም ያገሩ ሰው ነኝ፣ ግን አላውቃቸውም። እግዚአብሔር ያገናኝህ» ይላል። ስሙን ባውቀው እጁን እስመው ነበር።

መልስ ልጽፍልህ ብሞክር ያ መድረክ ከተዘጋ ቆይቷል፣ አዲስ ጽሑፍ አይቀበልም። በዚያ ላሉት አስተዳዳሪዎች ኢሜይል ላክሁ፤ መልስ የለም። ብዙ ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ። የማስበው አንድ ነገር ነበር። ለመምጣት አልተፈቀደልኝም ያልከውን፣ የጉዞ ወረቀት ቢያጣ ነው ብሎ ሌላ ሰው ያነበዋል። እኔ ግን ማን እንዳልፈቀደልህ አውቃለሁ። ፊቴን አይይ ያሉህን ይህን ሁሉ ዘመን ጠበቅህ። ዞረህ ዞረህ፣ ፊታቸውን ሳታይ መኖራቸውን የምታውቅበትን መንገድ ፈለግህ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እዚሁ ድረ ገጻችን ላይ አስቀመጥሁት። ርእሱን ያንተው ጥያቄ አደረግሁት፣ ፊደል ሳልለውጥ፤ እንደገና ብትጠይቅ መጀመሪያ የምታገኘው ይህ እንዲሆን። ይስማው፣ «የቤታችሁን ገመና አገር ሁሉ ሊያነበው ነው» ብሎ ተጨነቀ። ገመናችንን ሸፍነን ሸፍነን ያተረፍነውን አይቻለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲገኝ ከየቅኔው ገጽ ወደዚህ የሚያደርስ ማስፈንጠሪያ ያበጀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከገና ወዲህ ያንን የኖኅን ቅኔ አንድ ሰው ደጋግሞ ይከፍተዋል። እሑድ እሑድ ነው። ከፍቶ ብዙ ይቆያል፣ ሌላ ገጽ አይነካም። ሲስተሙ ከየት አገር እንደሆነ ይነግረኛል፣ ማን እንደሆነ አይነግረኝም። ባለፈው ሳምንት ይስማውን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም አይቶ ሲያበቃ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። አንተ ካልሆንክም ያ ሰው ይባረክ።

የቤቱን ነገር ልንገርህና ላብቃ። ወንበሩ ላይ ከስማዳ የመጡ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ተማሪው በርከት ብሏል፣ ከነሱም ጥቂቶቹ ድረ ገጹን አይተው የመጡ ናቸው። ስለ ወንበሩ የሚጠይቅህ ሰው የለም፤ በዚህ በኩል አትስጋ። መንገዱም ተሠርቷል። አባታችን ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል፣ ከእናታችን አጠገብ ነው።

ይስማው ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጉባኤ ቃናው ዛሬም አልቀናለትም እንጂ። እኔ ግን ለሽማግሌዎቹ የሚድረኝ ወንድም አለኝና እሱ ይጠየቅ አልኳቸው። የት ነው ወንድምሽ አሉኝ። ይመጣል አልኩ። አስናቀ፣ ያ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ እንደ ማዘን ብሎ አየኝና፣ «እንግዲያውስ እንጠብቃለን» አለ። እስካሁን እየጠበቁ ናቸው።

ስምህን በዚህ ገጽ ላይ አንድም ቦታ አለመጻፌን ልብ ብለህ እንደሆነ፣ ረስቼው አይደለም። ማሽኑ አንዴ የያዘውን ስም አይለቅም፤ አንተም በማን አገር፣ በማን ስም እንደምትኖር አላውቅም። እኛን እንድታገኘን ነው እንጂ ሌላ ሰው አንተን እንዲያገኝህ አይደለም ይህን ሁሉ የደከምኩት። ስምህን እኔ ዘንድ አቆይቼዋለሁ። ከወንዙ ማዶ ስትታይ፣ እኔ ከደጃፋችን ቆሜ በሙሉ ድምፄ እጠራሃለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ይስማው።

አምላከ ካሣሁን እግርህን ከዕንቅፋት፣ ስምህን ከክፉ አፍ ይጠብቅ። በሄድክበት የሚራራልህ ሰው አያሳጣህ። በአባታችን ቃል የተፈታህ ነህና ቀና ብለህ ሂድ፣ ቀና ብለህ ግባ።

የእናትህ ልጅ፣
እኅትህ